ከባዱ ማረፍ የሚጀምረው መሬት ሳይነካ ነው

እንዲህ ያለው ዜና ብዙ ጊዜ ከሁለት መስመር አያልፍም። ለስልጠና የተነሳች ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ መሬቱን በኃይል መታች፣ የፊት ጎማዋ ተሰበረ፣ ሰው ግን አልተጎዳም። ከሥሩ አስተያየት ይከተላል፦ «ተማሪው አልቻለበትም።» በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። እኔ ግን ተማሪው ላይ ብቻ መዝጋት ስህተት ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ማረፉን ቀረብ ብለን እንየው። ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ የስልጠና አውሮፕላን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ተመርታለች፤ ስንቱን አብራሪ አስተምራለች። ስታርፍ በ60ዎቹ ኖት (ኖት የበረራ ፍጥነት መለኪያ ነው) ወደ ማኮብኮቢያው ትቀርባለች። ተማሪው ፍጥነት እንዳያንሰው ፈርቶ አስር ኖት ይጨምርበታል። አስር ኖት ምን አላት? ብዙ አላት። ከ60 ወደ 70 ሲኬድ አውሮፕላኗ የተሸከመችው ጉልበት ከሲሶ በላይ ያድጋል። ስለዚህ አላርፍም ብላ መሬቱን ታክካ ትንሳፈፋለች። ማኮብኮቢያው እያለቀ ነው። ተማሪው ትዕግሥቱ ያልቅና መሪውን ወደፊት ይገፋል።

ያኔ የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ይመታል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ትነጥራለች። ደንግጦ መልሶ ይገፋል። እጁ ሁሌም ከአውሮፕላኗ ትንሽ ስለሚዘገይ፣ ላስተካክል ባለ ቁጥር ያባብስባታል። ሁለተኛው ንጥረት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ሦስተኛው ላይ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ሊመታ ይችላል። ፕሮፔለር መሬት ከመታ ደግሞ ሞተሩ ከላይ ደህና ቢመስልም ተፈትቶ መመርመር አለበት።

መውጫው ቀላል ነው፤ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ እንደገና መነሳት። ጎ አራውንድ። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ታዲያ ለምን አያደርገውም? ስለሚያፍር። ማረፉን ትቶ የተነሳ «ምን ነካህ?» ይባላል። አንገጫግጮ ያረፈው ግን ተስቆበት ይታለፋል። ሰው ደግሞ የሚሳቅበትን ይመርጣል።

የአሰልጣኙም ሥራ ቀላል አይደለም፣ እውነት ለመናገር። ቶሎ መሪውን ከተቀበለው ተማሪው አይማርም። ከዘገየ የቀረው ከፍታ ጥቂት ሜትር ነው፤ ስህተት ማረሚያ ቦታ የለም። ለዚህ ነው «ተነሳ» የሚለው ቃል ከፍታው ሳያልቅ፣ ያለ ቁጣ መምጣት ያለበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። መሬቱን በኃይል መትቶ፣ አውሮፕላኗን አቁሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መሄድ። በ172 ላይ የፊት ጎማው የተያያዘበት ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ሊጨማደድ ይችላል፤ ላዩን ዞሮ ያየ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ነገ የሚበርባት ሌላ ተማሪ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ የአደጋ ምርመራ ዓላማው መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። ማሰልጠኛዎች ይህን መንፈስ ለትልልቁ አደጋ ብቻ ትተው፣ በኃይል ማረፉን የተናገረውን ተማሪ ከቀጡት፣ ቀጣዩ ለምን ይናገራል?

እኔ ብሆን ተማሪ ብቻውን እንዲበር ከመፍቀዴ በፊት ስንት ጊዜ አሳምሮ እንዳረፈ ብቻ አልቆጥርም። ማንም ሳያዘው፣ በራሱ ውሳኔ፣ ያላማረውን ማረፍ ትቶ ሲነሳ ማየት እፈልጋለሁ። ለዚያም ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።