ባቡሩ አለ፣ እኛ ግን ሚኒባስ ላይ ነን

ከአዳማ አዲስ አበባ በባቡር ደርሶ መመለስ ለምን እንዲህ መከራ ይሆናል? ሐዲዱ እንደሆነ አለ። እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የኤሌክትሪክ መስመር በ2009 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። በየሰዓቱ የሚነሳ የመንገደኛ ባቡር ግን የለም።

ጣቢያውም ከከተማ ውጭ ነው። ባጃጅ ኮንትራት ትይዛለህ፤ ሻንጣህን ሲያይ ዋጋውን ይቆልለዋል። አዲስ አበባም ለቡ ላይ ትወርድና እንደገና የታክሲ ሰልፍ። ያ ፈረንሳዮች የሠሩት የድሮ ባቡር እኮ ለገሃር፣ መሀል ከተማ ድረስ ነበር የሚገባው!

ስዊዘርላንድን ተመልከቱ። ስፋቷ 41 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛ አንፃር ትንሽ አገር ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ባቡሮች በየሰዓቱ፣ በተመሳሳይ ደቂቃ ይነሳሉ። አንዱ ሲደርስ ተከታዩ ቆሞ ይጠብቃል። የገጠሩ አውቶቡስ ሳይቀር ሰዓቱን ከባቡሩ ጋር ነው የሚያስተካክለው። ተራራ አላገዳቸውም፤ ሰርስረው አለፉ። እኛ ሜዳ ላይ ነን!

«የፍጥነት መንገዱ አለ አይደል?» የሚለኝ አለ። አዎ፣ አለ። እናቴ ግን ለሕክምና ስትመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ ተጭኖባት፣ ጉልበቷን አጥፋ ነው የምትሄደው። ስትወርድ እግሯ እስኪፍታታ በሩን ይዛ ትቆማለች። ባቡር ላይ እኮ ተነስታ ወዲያ ወዲህ ማለት ትችል ነበር። ያናደደኝ ይሄ ነው።

በየሰዓቱ ይሁን አላልኩም። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይመደብልን። አዳማ ላይ ከፖስታ ቤት እስከ ባቡር ጣቢያው የሚሄድ የከተማ አውቶቡስም ይጨመርልን።