ጃማይካኖቹ ስሌዱን በትከሻቸው አልተሸከሙትም

ወንድሜ፣ ስለ ቦብስሌድ፣ ማለትም ስሌድ በሚባል ተንሸራታች ውስጥ ተቀምጠው በበረዶ መንገድ ቁልቁል ስለሚወርዱበት ውድድር፣ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንዷ ነገር ግን መታረም አለባት። «የጃማይካ ቡድን በካልጋሪ ኦሎምፒክ ሲገለበጥ አራቱም ስሌዱን በትከሻቸው ተሸክመው ጨረሱ» ብለሃል። እሱ እንኳ የፊልም ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ፊልም ላይ ያለ ትዕይንት ነው። ብዙ ሰው እሱን አይቶ እውነት ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም፣ ያስለቅሳል።

የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ካናዳ ካልጋሪ ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ፣ በአራት ሰው ውድድር፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ነጂው ደድሊ ስቶክስ ስሌዱን መቆጣጠር አቃተው። ስሌዱ ተገለበጠ። የራስ ቁራቸው ከበረዶው ግድግዳ ጋር እየተፋጨ ተንሸራተቱ። ከዚያ ከውስጥ ወጥተው ከስሌዱ ጎን በእግራቸው ሄዱ። ተመልካቹ አጨበጨበላቸው። ትከሻ ላይ የወጣ ነገር የለም። ባዶው ስሌድ ብቻ 200 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ያንን ይዞ በረዶ ላይ መራመድ ቀልድ አይደለም።

«ለኦሎምፒክ ሩጫ ሳያልፉ የቀሩ ሯጮች ነበሩ» የሚለውም የፊልሙ ነው። ስቶክስ የጦር ሠራዊቱ ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። ዴቨን ሃሪስም መኮንን ነው። ፈጣን እግር መፈለጉ ግን እውነት ነው፦ ስሌዱን 50 ሜትር ገደማ ሮጠው ከገፉ በኋላ ነው ዘለው የሚገቡት። እዚያ የባከነች ሽርፍራፊ ሰከንድ እስከ ታች ድረስ ትከተልሃለች።

ፊልሙ ያልደረሰበትን ደግሞ ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ1994 በኖርዌይ ሊለሃመር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የጃማይካ አራት ሰው ቡድን 14ኛ ወጣ። አሜሪካኖቹን ከኋላው አስቀርቶ!