ፂም የሚያበቅል ቆርቆሮ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2005 አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ ያለው የሚልስቶን ኑክሌር ጣቢያ 3ኛው ማብላያ በድንገት ቆመ። የእንፋሎት ግፊት ወረደ የሚል ምልክት ደርሶት ነው። ግፊቱ ግን አልወረደም። ሲመረመር ጥፋተኛው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ላይ የበቀለ የቆርቆሮ ፂም ሆኖ ተገኘ (የጣሪያውን ሳይሆን ቲን የሚባለውን ብረት ማለቴ ነው)።

ፂም ስል ቀልዴን አይደለም። በንጹሕ ቆርቆሮ በተለበጠ ብረት ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከጸጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር ይበቅላል። አንዳንዱ ሚሊሜትሮች ይረዝማል። ካርዱን ፊት ለፊት ብታዩት ምንም የለም። የእጅ ባትሪ ከጎን አብርታችሁ ዘወር ዘወር ስታደርጉት ብልጭ ይላል። ጎረቤቱ ያለውን የኮምፖነንት እግር (ካርዱ ላይ የሚበየዱት ጥቃቅን ዕቃዎች የብረት ማያያዣ) ከነካ አለቀ፣ ሾርት ነው።

መድኃኒቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ቆርቆሮው ላይ ጥቂት እርሳስ መጨመር ነው (የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን)። 3 በመቶ ያህል ይበቃል። ግን እርሳስ መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ከአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያስወጣው ለዚህ ነው። የተጣለ ኮምፒውተር እያቃጠሉ ብረት የሚለቅሙ ሰዎችን ላሰበ፣ ሕጉ ልክ ነው። እኔም አልቃወመውም።

ደግሞም የጦር መሣሪያ፣ የጠፈር መንኮራኩር፣ አውሮፕላን፣ ደረት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር (የልብ ምት አስተካካይ) ከሕጉ ውጭ ናቸው። ታዲያ ምን አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል።

ገበያው ነዋ! አውሮፕላን ሠሪ ለኮምፖነንት ፋብሪካ ትንሽ ደንበኛ ነው። የፋብሪካው ዓይን ስልክና ኮምፒውተር ላይ ነው። ለጥቂት ሺህ ፍሬ ብሎ እርሳስ ያለበትን ለብቻ አያመርትም። ስለዚህ የኮምፖነንቱ እግር በንጹሕ ቆርቆሮ ተለብጦ ይመጣል። ከሕጉ ነጻ የሆነውም ሰውዬ ወደደም ጠላም ይገዛዋል። የሚልስቶኑ ነገር የሆነው ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ነው፤ ዛሬ ግን ንጹሕ ቆርቆሮ የተለመደው ነገር ሆኗል።

ኮምፖነንቱን ከካርዱ የሚያያይዘው ብየዳም ተቀይሯል። የድሮው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጥ ነበር። አሁን በብዛት የሚሠራበት የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ 217 ገደማ ይፈልጋል። ጠንካራ ነው፤ ሲወድቅ ግን መሰንጠቅ ይቀናዋል። ደህና ተበይዶም መልኩ ደብዘዝ ይላል። የድሮ ቴክኒሻን ደግሞ ዓይኑ የለመደው የሚያብለጨልጨውን አሳልፎ የደበዘዘውን መጣል ነው።

"በቢሊዮን የሚቆጠር ስልክ ያለ እርሳስ እየሠራ አይደል?" የሚል መልስ ሁሌም አለ። ስልክ እኮ በ3 እና በ4 ዓመት ይቀየራል። ፂሙ ለመብቀል አንዳንዴ ዓመታት ይፈጅበታል። አውሮፕላን ደግሞ 30 ዓመት ይበራል።

እኔ የምለው፣ እርሳስ ተፈቅዶልኛል ብሎ መቀመጥ ይቅር። ኮምፖነንቱ ሲገባ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል፣ እግሩ በኤክስሬይ መሣሪያ ይለካ። ንጹሕ ቆርቆሮ ከሆነ እርሳስ ባለበት ብየዳ ይነከርና ይምጣ። ካርዱም መከላከያ ቫርኒሽ ይቀባ። ይህን ዛሬም የሚያደርጉ አሉ። ግዴታ ይሁን ነው የምለው። ዋጋው ይጨምራል። ይጨምር።