ባዮጋዝ ማሳን ያለ ማዳበሪያ አያስቀርም

ወንድሜ፣ ከእበት ስለሚገኘው የማብሰያ ጋዝ፣ ስለ ባዮጋዝ፣ «እበቱን ለባዮጋዝ ካዋልነው ማሳችን ምን ይበላል? እሳቱ ኃይሉን ሁሉ ይጨርሰዋል» ብለሃል። ይህን አባባል እዚህ ጅማ ከብዙ ገበሬ ሰምቼዋለሁ። ስህተት ነው፤ ያውም ብዙ ቤተሰብን ከጭስ አልባ ምድጃ ያራቀ ስህተት።

አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ባክቴሪያዎች እበቱን ሲያብላሉት በጋዝ መልክ የሚወጣው በዋናነት ካርቦኑ ነው፤ ከጋዙ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚነደው ሚቴን፣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰብል የሚመገባቸው ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ከሞላ ጎደል ተብላልቶ በሚቀረው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራሉ። እንዲያውም ከናይትሮጅኑ ከፊሉ ወደ አሞኒየም ስለሚለወጥ ሰብሉ ከጥሬ እበት ይልቅ ፈጥኖ ያገኘዋል። ማዳበሪያን በእርግጥ የሚያጠፋው ኩበት ማንደድ ነው፤ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳልና።

ዝቃጩን ግን ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ናይትሮጅኑ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይተንብሃል። ጥላ ስር ሸፍነህ አቆየው፤ ማሳ ላይ ስታፈስሰውም ወዲያውኑ ከአፈር ጋር ቀላቅለው።

እሸት ቡና ሲፈለፈል ስለሚወጣው ቅርፊት ለጠየቅኸው፦ አዎን፣ ጋዝ ይሰጣል። በሊሙና በጎማ አካባቢ በቡና እጠባ ወራት ወንዝ ውስጥ ገብቶ ውኃውን ሲያበላሽ ማየት ያሳዝነኛል። ብቻውን ከጨመርኸው ግን ቶሎ ይኮመጥጣል፤ አሲዱም ሚቴን ሠሪዎቹን ባክቴሪያዎች ያዳክማቸዋል። በእበት ጀምር፤ ጋዙ ከተስተካከለ በኋላ ቅርፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ቀላቅል።