ደብተር የቀደደውን ልጅ ምን እናድርገው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ተማሪ ስሜቱን እንዲያውቅና እንዲገዛ፣ ከሰው ጋር እንዲግባባ የሚረዳው «ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት» ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር? ደጋፊዋ አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ሰፈር የ4ኛ ክፍል መምህርት ናት። ተቃዋሚው እዚያው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ሰፈር የ7ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩ አንጋፋ መምህር ናቸው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ሰሞኑን አንድ ልጅ የጓደኛውን ደብተር ቀደደ። ድሮ ቢሆን አንበረክከው ነበር። አሁን ግን ለብቻው ወሰድ አድርጌ «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ በኋላ ቤታቸው መሀል ከተማ ፈርሶ ወደዚህ ከመጡ ጀምሮ አንድም የሚያውቀው ልጅ እንደሌለና ሲያሾፉበት እንደከረሙ ነገረኝ። ደብተሩን ራሱ በፕላስተር ለጥፎ ይቅርታ ጠየቀ። ይሄ ደግሞ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንዲህ ያሉ 213 ፕሮግራሞችን፣ ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን አይቶ ነበር። ጠባያቸው ተሻሽሏል፤ ውጤታቸውም እንደዚያው። ከ100 ተማሪ 50ውን ይበልጥ የነበረ ልጅ 61ዱን ወደመብለጥ ደርሷል።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ለልጁ ያደረግሽው ደስ ይላል። ግን እሱ መምህርነት ነው፣ ፕሮግራም አይደለም። ጥናቱም በብዛት የአሜሪካ ነው። እኔ ክፍል 70 ልጅ አለ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ መሆኑን አትርሺ፤ በዚህ ላይ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልትቀንሺብኝ ነው? እንግሊዝ ውስጥ 85 ትምህርት ቤቶች ላይ አእምሮን የማረጋጋት ልምምድ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ምንም ለውጥ አላመጣም ተብሏል። እኔ ጠብ ሲቀንስ በዓይኔ ያየሁት የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር ነው። የጠገበ ልጅ ይረጋጋል።

መምህርቷ፦ ምገባው ላይ አንጣላም። የእንግሊዙን ግን በደንብ እንየው፤ ልምምዱ የተነጻጸረው እኔ የምለውን ትምህርት እንደወትሮው ከሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ጋር ነው። ስለዚህ እኔን አይቃወምም። ክፍለ ጊዜም አልቀንስብዎትም። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲሳሳት የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ እጁን አያወጣም፣ እሱ ራሱ የሒሳብ ችግር ነው እኮ።

መምህሩ፦ እሱስ እውነት ነው። የምፈራው ሌላ ነው። ግብረ ገብም ሲገባ እንዲሁ በተስፋ ነበር፤ ልጆቹ «መከባበር ማለት ሀ፣ ለ፣ ሐ» እያሉ ሲሸመድዱት፣ ወጥተው ሲደባደቡ አየሁ። የአንቺም እንደዚያ ሆኖ ቢመጣ፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥተው አንድ ቅጽ አሸክመውን ቢሄዱስ?

መምህርቷ፦ ያ ከሆነ እኔም ከእርስዎ ጋር እቃወማለሁ።

መምህሩ፦ እንግዲያው መንገዱ ቢርቅም አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ ነይ። 70ውን ልጅ ይዘሽ አሳዪኝ፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።