እርማት፦ ማንበብ የደከመ ዓይንን አይጨርስም

ወንድም ዓለም፣ 3ኛ ክፍል ያለችው የእህትዎ ልጅ «የቀረቻት ትንሽ እይታ እንዳታልቅ» ተብሎ ማንበብ እንደተከለከለች ጽፈዋል። ደሴ ከተማም ሆነ ገጠሩ ውስጥ ብዙ ወላጅ ይህን ያምናል፤ ግን ስህተት ነው። እይታ እንደ ላምባ ሲጠቀሙበት አያልቅም። ደብተር ከአፍንጫ ማስጠጋቷም አይጎዳትም፤ ፊደሉን የምታጎላው በዚያ ነው። ራሷን የሚያማት፣ ዓይኗ እንባ የሚያወጣው ከድካም ነው፤ በየ15 እና 20 ደቂቃው አረፍ ትበል። እይታዋ እየቀነሰ ከሄደ ምክንያቱ ማንበቡ ሳይሆን የዓይኗ በሽታ ነውና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ትታይ። መነጽር ብቻ የሚበቃትም ሊሆን ይችላል።

ክፍል ውስጥ ዋናው ርቀት ነው። ከሰሌዳው 6 ሜትር ርቃ የምትቀመጥ ልጅ 3 ሜትር ላይ ብትሆን ፊደሉ እጥፍ ይሆንላታል፤ 1 ሜትር ተኩል ላይ አራት እጥፍ። «ፊት ወንበር አስቀምጫታለሁ» የሚሉ መምህራን ግን አንድ ነገር ይረሳሉ፦ ፊቷ ወደ መስኮት ከዞረ ብርሃኑ ይወጋታል። መስኮቱ ከጀርባዋ ወይም ከጎኗ ይሁን። ሰሌዳው ከገረጣ ነጭ ጠመኔም አይታይም፣ ሰማያዊና ቀዩማ ጭራሽ፤ ጥቁር ቀለም ይቀባ። መምህሩ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እያነበበ ይጻፍ (ይህ ምንም አያስወጣም፣ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው)።

የደብተሯን መስመር በጥቁር ማርከር አድምቁላት፤ አንገቷ እንዳይጎብጥ ደብተሩ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ይቀመጥ። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት አሁኑኑ ጠይቁ። ብሬል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሕፈት) ያስፈልጋት እንደሆነ የልዩ ፍላጎት መምህሩ ስታነብ አይቶ ይወስን።