መጀመሪያ መርፌው፣ ከዚያ ደረሰኙ

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በሴፕሲስ የተያዘን ሰው ብዙ ጊዜ የምናጣው ምን ማድረግ እንዳለብን ጠፍቶን አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን ለይቶታል። መድኃኒቱንም አዟል። ማዘዣው ግን ገና በአስታማሚው እጅ ግቢውን እየዞረ ነው።

ሴፕሲስ የሚባለው ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ ውጊያው ከልክ አልፎ የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ልብና አንጎል መጉዳት ሲጀምር ነው። ቤተሰብ “ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል ተባልን” ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለዚሁ ነው። መነሻው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ወይም ከወሊድ በኋላ የመጣ የማህፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ2017 ብቻ 48.9 ሚሊዮን ሰው በሴፕሲስ እንደታመመና 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞተ ገምቷል። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከሞቱት ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ከታማሚዎቹ 85 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የሚገኙት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

እስቲ የተለመደውን ሌሊት እንየው። ከወለደች ሳምንት ያልሞላት ሴት በባጃጅ ትመጣለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች። ወንድሟ ደግፏታል። ትሪያጅ (ታካሚው በሕመሙ ክብደት የሚለይበት ቦታ) ላይ ያለችው ሲስተር አንዴ አይታት በጠና የታመሙት ወደሚታከሙበት ቀይ ክፍል ታስገባታለች። እስከዚህ ፈጣን ነው። ከዚያ ወንድምየው ይጠራል። “ካርድ አውጣ።” ያወጣል። ሬዚደንቱ መርምሯት ማዘዣ ይጽፋል፦ በደም ሥር የሚገባ ቱቦ (ካኑላ)፣ ጓንት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ (ኖርማል ሳላይን)፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉ አንቲባዮቲኮች። ልጁ ፋርማሲ ሄዶ ዋጋ ያስጽፋል። ካሸር ጋ ይሰለፋል። ደረሰኙን ይዞ ሲመለስ ሜትሮኒዳዞሉ አለ፣ ሴፍትሪያክሶኑ አልቋል። “ውጭ ፈልግ ወንድሜ” ይባላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የትኛው ፋርማሲ ክፍት እንደሆነ ጥበቃውን ይጠይቃል። ብሩ ካልበቃው ስልክ አውጥቶ የተኛ ዘመድ ይቀሰቅሳል። እህቱ እዚያ አልጋ ላይ ናት፤ የደም ግፊቷ እየወረደ ነው። ሲስተሯም መርፌ ልትወጋ ተዘጋጅታ የምትወጋው የላትም።

እዚህ ውስጥ ሰነፍ የለም። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። ሰዓቱን የበላው አሠራሩ ነው።

ሰዓት መቁጠር ይህን ያህል ያድናል ወይ የሚል ካለ ኒውዮርክን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሮሪ ስታንተን የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክንዱ ተላጠ። ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት፤ የሆድ ሕመም ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በቀናት ውስጥ በሴፕሲስ ሞተ። ወላጆቹ ዝም አላሉም። በቀጣዩ ዓመት ግዛቱ በልጁ ስም የሚጠራ ደንብ አወጣ። ሆስፒታሎች ሴፕሲስን ቶሎ ለይተው የሚያክሙበት የተጻፈ አሠራር እንዲኖራቸው፣ ውጤታቸውንም ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ተገደዱ። ከ149 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ49 ሺህ ያህል ታካሚዎች መረጃ በ2017 ሲታተም አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት በዘገየ ቁጥር የመሞት ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳየ። በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ቶሎ አንጠልጥሎ መጨረስ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላመጣም።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። ከውጭ የመጣን መመሪያ እንዳለ መገልበጥ የሚወድ ሰው መሀላችን አይጠፋም። መመሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ “በአንዴ ብዙ ፈሳሽ ስጡ” ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በወጣው የኡጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ጥናት ላይ ከ3 ሺህ በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናት ተካተው ነበር። በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7.3 በመቶ። የዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ውስጥ በአዋቂዎች ላይ የተደረገውና በ2017 የታተመው ይብሳል። ፈሳሽና የደም ግፊት ማንሻ መድኃኒት በፕሮቶኮል ከተሰጣቸው 48 በመቶው፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 በመቶው ሞቱ። የሉሳካዎቹ ታካሚዎች አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው ስለነበሩ ነገሩ ለሁሉም ይሠራል አይባልም። ግን ሳንባው ውሃ ቢሞላ የሚያግዘው ቬንቲሌተር የሌለበት ክፍል ውስጥ ከረጢት በከረጢት ላይ መደረብ ጀብዱ አይደለም። ፈሳሽ አትስጡ አልልም። ሰጥቶ፣ ተመልሶ አይቶ፣ ትንፋሹን አዳምጦ ነው መጨመር።

ስለዚህ እኔ የምለው ትልቅ ነገር አይደለም። ቀይ ክፍል ውስጥ አንድ ሳጥን ይቀመጥ። የመጀመሪያው ዶዝ አንቲባዮቲክ፣ ካኑላ፣ ጓንትና ሲሪንጅ ይኑርበት። ሐኪሙ እንዳዘዘ መርፌው ይወጋ። ካርዱ፣ ክፍያው፣ የጤና መድህን ወረቀቱ በኋላ ይምጣ። ቤተሰብ ከገዛ የተወሰደውን ይተካል፤ ካልቻለ ሆስፒታሉ ይሸከማል። “ዕዳ ውስጥ ያስገባናል” የሚሉ ኃላፊዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ግን የአንድ ዶዝ ሴፍትሪያክሶን ዋጋ ያው ታካሚ ከሁለት ቀን በኋላ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ከሚያስወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ያውም አልጋ ከተገኘ ነው። አልጋ ሲጠበቅ የሚያልፈው ሰዓትም ሕክምናው ድንገተኛ ክፍል ላይ የሚጀመርበት ሌላ ምክንያት ነው።

“ያኔማ ትኩሳት ላለው ሁሉ አንቲባዮቲክ ልንረጭ ነው” የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ተገቢ ሥጋት ነው፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እያስቸገሩን ነው። የ2021ዱ ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም ይህን ለይቶታል። ሾክ ውስጥ ላለ (የደም ግፊቱ ወርዶ ደም ለአካሉ በበቂ ለማይደርስለት) ወይም ሴፕሲስ መሆኑ በጣም ለሚመስል ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ። ሾክ ለሌለበትና ገና ጥርጣሬ ብቻ ላለበት ደግሞ ፈጠን ብሎ አጣርቶ፣ ጥርጣሬው ካልጠፋ በ3 ሰዓታት ውስጥ። ሳጥኑ ለመጀመሪያዎቹ ነው። የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም ለይቶ የሚያሳየው ምርመራ) ባለበት መርፌው ሳይወጋ ደም ይወሰድ፤ በሌለበት ግን እሱን ብለን አንቀመጥ።

መለየቱ ላይ ደግሞ አንድ ቤታችን ውስጥ የምናውቀው ጉድ አለ። ካርዶቹን አገላብጡ፤ የሁሉም ሰው ትንፋሽ በደቂቃ 20 ነው! የሚያቃስተውም 20፣ የተኛውም 20። ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ሴፕሲስ ገና ግፊት ሳይወርድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ትንፋሽ ሲፈጥንና ሰውየው ግራ ሲጋባ ነው። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ሰዓት ያለው ስልክና አንድ ደቂቃ ይበቃል። ዋርድና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለተኙትም ይኸው ነው፤ ሌሊት ላይ ኢንፌክሽን የጀመራቸውን ቀድሞ የሚያሳብቀው ይህ ቁጥር ነው።

ካርዱ ላይ ሁለት ሰዓቶች ይጻፉ፦ የገባበትና የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ የተሰጠበት። በየወሩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ተሰልቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ለመቅጣት አይደለም። መዘግየቱ ካርድ ክፍል ይሁን ፋርማሲ ሳናውቅ በየስብሰባው እርስ በርስ ከምንወቃቀስ ይሻላል።

ሳጥኑን ማን ይሞላዋል ለሚለው፣ በየፈረቃው ርክክብ ሲደረግ ከኦክስጅኑና ከሳክሽኑ ጋር አብሮ ይቆጠር። የጎደለውን ፋርማሲው ጠዋት ይተካ። ቁልፉ ደግሞ ተረኛዋ ነርስ ጋ ይሁን። 11 ሰዓት ሲሆን ወደ ቤቱ በሚሄደው የመጋዘን ኃላፊ ኪስ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ሳጥኑን ለማሠራት ባንደክም ይሻለናል።